ትንፋሽህ የት ሄደ? ለአንድ ወጣት ቦክሰኛ የተጻፈ ምክር

ልጄ፣ አሸንፈሃል። ከአምስቱ ዳኞች ሦስቱ ነጥቡን ለአንተ ሰጥተዋል፤ ያንን ማንም አይወስድብህም። ሰፈር ስትመለስ ግን ስለ ድሉ የጠየቀህ ጥቂት ሰው ነው። ሁሉም የሚያነሣው ሦስተኛውን ዙር ሆነ፤ እጅህ ከአገጭህ ወርዶ ደረትህ ላይ መቅረቱን፣ አፍህን ከፍተህ መተንፈስህን፣ የመጨረሻዋን ደቂቃ ገመድ ተደግፈህ መጨረስህን። «ትንፋሽ የለውም» አሉ። «ሳይዘጋጅ ነው የገባው» አሉ። አንተም ተከፍተህ መጣህና «እውነታቸውን ነው ወይ?» አልከኝ።

ከፊሉ እውነታቸውን ነው። እኔም ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ነገር ግን ሁለት ዙር ሙሉ ያን ያህል የሠራ ልጅ ትንፋሽ አልነበረውም ማለት አይቻልም። ነበረህ፤ የሆነ ቦታ አፈሰስከው። ከዚህ በታች የጻፍኩልህ ሁሉ የፈሰሰበትን ቀዳዳ ራስህ ፈልገህ እንድታገኝ ነው። ተራ ቁጥር የሰጠሁት በተራው እንድትሠራው ብዬ ስለሆነ የመጀመሪያውን ሳትጨርስ ወደ ሁለተኛው አትለፍ።

1. ሐኪም ዘንድ ሂድ።

ስለ ትንፋሽ ከመነጋገራችን በፊት ጭንቅላትህ ይታይ። እጅህ በወረደበት ደቂቃ ተጋጣሚህ በቀኙ ደጋግሞ አግኝቶሃል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃን መጥላት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ የቅርብ ነገር መርሳት ካለብህ ሳትደብቅ ንገረው። ለእናትህም ንገራት፤ ሌሊት ስትተኛ የምታይህ እሷ ናት። በአማተር ቦክስ ጭንቅላቱን ተመትቶ በዝረራ የተሸነፈ ሰው ቢያንስ 30 ቀን ከሪንግ እንዲርቅ ሕጉ ያስገድደዋል። አንተ ስላሸነፍክ የሚያግድህ የለም። የተመታ ጭንቅላት ግን ማን እንዳሸነፈ አያውቅምና ራስህን አግድ። እንደ እኔ ከሆነ ወር ሳይሞላ ስፓሪንግ አትግባ። ሩጫውንና ገመዱን ሐኪሙ ሲፈቅድልህ ትጀምራለህ።

2. ግጥሚያውን ድምፁን አጥፍተህ ቁጠረው።

ጓደኛህ በስልኩ የቀረጸውን አምጣ። የሰውን ጩኸት አጥፋው፤ ጩኸት ያልነበረ ነገር ያሳያል። አንድ ወረቀት ውሰድና ለእያንዳንዱ ዙር አንድ ገጽ መድብ። በየገጹ ሦስት ነገር ጻፍ፦ የሰነዘርከው ቡጢ ስንት ነው? ከዚያ ውስጥ አየር የመታው ስንት ነው? ስንት ጊዜ ተቃቅፋችሁ ማን ማን ላይ ተደገፈ?

የምታገኘውን ካሁኑ ልነግርህ እችላለሁ፤ ግን በራስህ እጅ ስትጽፈው ይገባሃል። በመጀመሪያው ዙር ሰው ሲጮህልህ የምትሰነዝረው በዛ፤ ግማሹም ባዶ ቦታ ሄደ። የሳተ ቡጢ ካረፈው ይልቅ ያደክማል፤ ያረፈውን የተጋጣሚህ ገላ ያቆምልሃል፣ የሳተውን ግን በራስህ ትከሻና ወገብ አቁመህ ወደ ቦታው የምትመልሰው አንተ ነህ። ሁለተኛው ዙር ላይ ደግሞ እያቀፈ ክብደቱን አንገትህ ላይ ሲጥልብህ ዝም ብለህ ተሸከምከው። ሰው ያየው ሦስተኛውን ዙር ነው፤ የደከምክበት ግን ከዚያ በፊት ባሉት ስድስት ደቂቃዎች ነው።

3. የጆርጅ ፎርማንን ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተማር።

አባትህ ገና በእቅፍ ሳለ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በአገራችን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኪንሻሳ ላይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ የዓለም ሻምፒዮኑ ጆርጅ ፎርማንና መሐመድ አሊ ሪንግ ገቡ። ሰዓቱ እንዲያ የሆነው አሜሪካ ያለው ተመልካች በምሽቱ እንዲያየው ተብሎ ነው። ፎርማን የ25፣ አሊ የ32 ዓመት ሰው ነበሩ። ፎርማን 40 ጊዜ ተጋጥሞ 40ውንም አሸንፏል፤ 37ቱን የመጨረሻው ደወል ሳይደርስ። ጆ ፍሬዚየርን በሁለተኛው ዙር፣ ሆሴ ሮማንን በመጀመሪያው፣ ኬን ኖርተንን በሁለተኛው ጨርሷቸው ነው የመጣው።

ሰው ይህን ሁሉ እንደ ዝግጅት ቆጠረለት። አንተ ግን እንደ አሰልጣኝ ተመልከተው። ለ15 ዙር ግጥሚያ የሚሄደው ሰው በሦስት የሻምፒዮና ፍልሚያዎች ተደምሮ አምስት ዙር እንኳ በሙሉ አልሠራም። በዚያ ላይ ግጥሚያው መጀመሪያ የተያዘው ለመስከረም ነበር፤ ፎርማን ልምምድ ላይ ከዓይኑ በላይ ተሰንጥቆ ቀኑ ተላለፈ፤ ቁስሉ እስኪጠግግ ድረስም እንደ ልቡ ስፓሪንግ ማድረግ አልቻለም። ጉልበት ነበረው። ረጅም ሌሊት ግን አልለመደም።

አሊ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ገመዱን ተደገፈና ክንዱን ፊቱ ላይ ገጠመ። ፎርማን መታው፤ ደጋግሞ መታው፤ ባለ በሌለ ኃይሉ መታው። አብዛኛው ክንድና ክርን ላይ አረፈ፤ ሌላው አየር ቀዘፈ። በመሐል አሊ አንገቱን ይዞ ቁልቁል ይጫነዋል፤ ወደ 98 ኪሎ የሚመዝን ሰው ማለት ነው፤ ጆሮው ሥርም ያለማቋረጥ ያወራዋል። አምስተኛው ዙር ካለፈ በኋላ የፎርማን ቡጢ እየከበደ፣ እየዘገየ ሄደ። ስምንተኛው ዙር ሊያልቅ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ወደቀ።

ሰው ሁሉ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ለአንተ የሚጠቅምህ ግን ቀጣዩ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1977 ሳን ሁዋን ላይ በጂሚ ያንግ ተሸነፈ፤ በመጨረሻው፣ በ12ኛው ዙር ወድቆ ተነሥቶ በነጥብ ተበለጠ። ከዚያ ቦክስ ተወና ሰባኪ ሆነ። ከ10 ዓመት በኋላ ተመለሰ። በ1991፣ በ42 ዓመቱ፣ ከኢቫንደር ሆሊፊልድ ጋር 12 ዙር ሙሉ ሠራ፤ በነጥብ ተሸነፈ እንጂ አልወደቀም። በዙሮቹ መካከል ሌሎች ወንበር ላይ ዘፍ ሲሉ እሱ ቆሞ ነበር የሚጠብቀው። በ1994 ደግሞ፣ በ45 ዓመቱ፣ የ26 ዓመቱን ማይክል ሙረርን በ10ኛው ዙር ዘርሮ የዓለም ሻምፒዮንነቱን መለሰ። ያን ሌሊት ኮርነሩ ውስጥ ከነበሩት አንዱ አንጀሎ ዳንዲ ነው፤ ኪንሻሳ ላይ አሊን ያዘጋጀው ሰው። ፎርማን እሱን ያሸነፈውን ወገን ዕውቀት ሳያፍር ወደ ራሱ ወገን አምጥቷል።

እስቲ አስበው። በ25 ዓመቱ ስምንት ዙር ያልዘለቀ ሳንባ በ42 ዓመቱ 12 ዙር እንዴት ዘለቀ? ሳንባ ዕድሜ ሲገፋ አይሰፋም። የተለወጠው የሚያወጣበት መንገድ ነው። ወጣቱ ፎርማን ደመወዙን በመጀመሪያው ሳምንት እንደሚጨርስ ሰው ነበር። ጎልማሳው ፎርማን በዝግታ ይራመዳል፣ በጃብ ርቀቱን ይለካል፣ ክንዶቹን አጣምሮ ይከላከላል፣ ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፣ ትከሻው የላላ ነው። ከባዱን ቡጢ የሚያወጣው የሚያርፍበትን ካየ በኋላ ነው። ሙረርን የጣለችውም አጭር ቀኝ ነበረች። አንተ ላይ የማየው የወጣቱን ፎርማን ጠባይ ነው፤ ጠባይ ደግሞ ይለወጣል።

4. አተነፋፈስን እንደ ጃብ ተለማመደው።

ስትመታ ትንፋሽህን ትይዛለህ። ፓድ ስትሠራ ከጎንህ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ አራት አምስት ቡጢ እስክትጨርስ ድምፅ የለህም፣ ከዚያ አንድ ጊዜ «እህህ» ብለህ ትለቀዋለህ። ጥርስህን ነክሰህ፣ ጡጫህን ከመጀመሪያው ጨብጠህ፣ ትከሻህን ወደ ጆሮህ ሰቅለህ ነው የምትሠራው። የተወጠረ ጡንቻ ባይመታም ይደክማል።

ለሁለት ሳምንት ይህን አድርግ። መስታወት ፊት ሻዶ ስትሠራ ለእያንዳንዱ ቡጢ አጭር ትንፋሽ በጥርስህ መሐል አውጣ፤ ለሦስት ቡጢ ሦስት ጊዜ። ጡጫህ የሚጨበጠው ሊያርፍ ሲል ብቻ ይሁን። ከእያንዳንዱ ጥቃት በኋላ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ውጣና በአፍንጫህ ሳብ። መጀመሪያ ቡጢህ የቀለለ ይመስልሃል፤ ግድ የለም። አሰልጣኝህ ጀርባህ ቆሞ ትከሻህ በተነሣ ቁጥር በእጁ ይንካህ።

5. ሩጫህን እንደ ግጥሚያህ አድርገው።

በየጠዋቱ ረጅም ርቀት እየሮጥክ ነው። ጥሩ ነው፣ አትተወው፤ በዙሮች መካከል ባለችው አንዲት ደቂቃ ቶሎ እንድታገግም የሚያደርግህ በቀስታ ሩጫ የሚገነባው የልብ አቅም ነው። ነገር ግን የምትጋጠመው ሦስት ደቂቃ ሠርተህ አንድ ደቂቃ አርፈህ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ሦስት ደቂቃ ጠንክረህ ሩጥ፣ አንድ ደቂቃ ተራመድ፤ በአራት ጀምረህ ቀስ በቀስ ስድስት አድርሰው። ጠንክሮ መሮጥ ማለት ማውራት የማትችልበት፣ ግን እስከ ስድስተኛው ድረስ ተመሳሳይ ርቀት የምትሸፍንበት ፍጥነት ነው። ስድስተኛው ከመጀመሪያው በጣም ካጠረ የመጀመሪያውን አበዛኸው ማለት ነው፤ ያው የግጥሚያው ችግርህ ነው።

እንደጨረስክ ሁለት ጣትህን ከመንጋጋህ ሥር በአንገትህ ጎን አድርግ። የልብህን ምት 15 ሰከንድ ቁጠርና በ4 አባዛ። ደቂቃዋ ስታበቃ ደግመህ ቁጠርና ሁለቱንም ጻፋቸው። ልዩነቱ ከሳምንት ሳምንት ከሰፋ ልምምዱ እየሠራልህ ነው። ለብዙ ቀን ከጠበበ ደግሞ ድካም ተከማችቶብሃልና እረፍ።

ሌላም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እንጦጦ ስትወጣ ከ3,000 ታልፋለህ። «እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፣ ቆላ ስወርድ ትንፋሽ ይተርፈኛል» ብለህ ነበር። ኦክስጅኑ በርግጥ ይጨምራል። ሙቀቱ ግን ሌላ ሂሳብ አለው፤ ደምህ ወደ ጡንቻህ መሄዱ ሳይበቃ ገላህን ለማቀዝቀዝ ወደ ቆዳህም ይሄዳል፣ ላብህም ውሃህን ይወስዳል። ገላ ሙቀት ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። አንተ ለዚህ ግጥሚያ ቆላ የወረድከው በዋዜማው ነው። የሚቀጥለው ግጥሚያ ቆላ ከሆነ ቀድሞ የመውረዱን ነገር ለአሰልጣኝህ ገና ቀኑ ሲያዝ አንሣለት።

6. ኪሎህን በውሃ አታውርድ።

ይህንን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ሁላችሁም ታደርጉታላችሁ። ሚዛን ላይ ከመውጣትህ በፊት ላስቲክ ለብሰህ መሮጥህን፣ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ አለመጠጣትህን ሰምቻለሁ። ከክብደትህ ሁለት በመቶ የሚሆን ውሃ ሲጎድል የመሥራት አቅምህ መውረድ ይጀምራል፤ ለ60 ኪሎ ልጅ ይህ 1.2 ኪሎ ነው። አንተ ከዚያ በላይ አውርደሃል። ፕሮፌሽናሎቹ አብዛኛውን ጊዜ በዋዜማው ስለሚመዘኑ ሌሊቱን ይጠጣሉ፣ ይበላሉ። አማተር ግን በግጥሚያው ቀን ጠዋት ተመዝኖ ማታ ይገባል። የጎደለው አይመለስም።

ነገሩ ከነጥብ በላይ ነው። ደቡብ ኮሪያዊው ኪም ዱክ ኩ እ.ኤ.አ. በ1982 ላስ ቬጋስ ላይ ከሬይ ማንቺኒ ጋር ሊጋጠም ሲል ኪሎውን ለማስተካከል ብዙ ተሠቃየ። በ14ኛው ዙር ወደቀ፤ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ ከቀናት በኋላ ሞተ። የሻምፒዮና ግጥሚያ ከ15 ዙር ወደ 12 የወረደው ከዚያ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ደብሊው ቢ ሲ የሚባለው የቦክስ ድርጅት፣ ቀጥሎም ሌሎቹ። ውሃ መቀነሱ ብቻ ገደለው ብዬ አልነግርህም። የደከመና የደረቀ ሰው ግን ጭንቅላቱን ለመከላከል እጁን ማንሣት ያቅተዋል፤ ይህን አንተ ራስህ በሦስተኛው ዙር አይተኸዋል።

ለሚቀጥለው ግጥሚያ ሁለት ወር ቀደም ብለህ ተመዘን። በሳምንት ከግማሽ ኪሎ ብዙ ሳታልፍ፣ ከምሳና ከእራት ላይ ቀንሰህ ውረድ። በዚያ መንገድ የማይደረስ ከሆነ ክፍልህ አይደለምና ከፍ ብለህ ተጋጠም። «ከፍ ካልኩ ትልልቆች ይገጥሙኛል» ትለኛለህ። ይግጠሙህ፤ ውሃ ጠጥተህ ግጠማቸው።

7. እንቅልፍ፣ ሥራና ጾም።

ቀን ሲሚንቶ ስታራግፍ ውለህ ማታ ጂም እንደምትገባ አውቃለሁ። እንጀራ ነውና ተው አልልህም። ግን ሸክሙን እንደ ልምምድ አትቁጠረው፤ ገላህ ሁለቱንም ከአንድ ኪስ ነው የሚከፍለው። ብዙ ባራገፍክበት ቀን ማታ ቴክኒክ ብቻ ሥራና ቶሎ ግባ። ስምንት ሰዓት ተኛ። ስልኩን ከራስጌህ አርቀው።

ጾሙን በተመለከተ የኔ ፈንታ መፍረድ አይደለም። የንስሐ አባትህን አማክር፤ ሙስሊም ጓደኛህም ሼኹን ይጠይቅ። ከጾምክ ከባዱን ልምምድ ከመብያው ሰዓት ጋር አስጠጋው፤ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ባቄላውን ጠገብ አድርገህ ብላ፤ ልምምድ ስትጨርስ በሶህ ዝግጁ ይሁን። ግጥሚያ ጾም ውስጥ እንደሚውል እያወቅህ ሳትዘጋጅበት አትፈርም።

8. አንዷን ደቂቃ ተማራት።

ከዙር በኋላ ኮርነር ስትመጣ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲጮህብህ አየሁ። አንዱ «ግራውን!»፣ አንዱ «ተጠጋው!»፣ አንዱ ውሃ ፊትህ ላይ ይደፋል። አንተም ከእነሱ ጋር ትከራከራለህ። እንደዚህ ይሁን፦ ትቀመጣለህ፣ የጥርስ መከላከያውን ያወጡልሃል፣ ክንድህን ጭንህ ላይ ጥለህ የመጀመሪያዎቹን 20 ሰከንዶች ትተነፍሳለህ፤ ማንም አይናገርም። ከዚያ አንድ ሰው ብቻ፣ ዋናው አሰልጣኝ፣ አንድ ነገር ይነግርሃል። ትጎነጫለህ፤ አትጠጣም። ትነሣለህ። ይህንን ልምምድ ላይ በየዙሩ አድርጉት፤ በግጥሚያ ቀን የሚማሩት ነገር አይደለም።

9. ድሉ እንዳያዘናጋህ።

አንዲ ሩይዝ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 ኒው ዮርክ ላይ አንቶኒ ጆሹዋን በሰባተኛው ዙር አስቁሞ ዓለምን ጉድ አሰኘ። በታኅሣሥ ሳውዲ ዓረቢያ ላይ ሲገናኙ ሩይዝ ወደ 7 ኪሎ ጨምሮ መጣ፤ ጆሹዋ ቀንሶ። ጆሹዋ 12 ዙር እየዞረ በነጥብ አሸነፈው። ሩይዝ እንደሚገባው እንዳልተዘጋጀ ራሱ ተናግሯል። የዚያ ሰው እጅ ፈጣን ነበር፣ ልቡም ደፋር ነበር፤ ስድስት ወር ግን አባከነ።

10. ለሰው የምትመልሰው።

ፎርማን ከኪንሻሳ በኋላ ለዓመታት ገመዱ ላልቶ ነበር፣ ዳኛው ፈጥኖ ቆጥሯል፣ ውሃዬ ውስጥ መድኃኒት ገብቷል ይል ነበር። ዕድሜው ሲበስል ትቶት አሊን ወዳጁ አደረገው። አንተ ያን ያህል ዓመት አታባክን። «ሦስተኛው ዙር ላይ ምን ነካህ?» ሲሉህ «ደከመኝ፤ እየሠራሁበት ነው» በላቸው። ሙቀቱንም፣ ዳኛውንም፣ ኪሎውንም አታንሣባቸው። ምክንያቱ ለአሰልጣኝህና ለሐኪምህ ነው የሚነገረው፤ ለእነሱ ግን አንዷንም ሳታስቀር ተናገር።

የሚቀጥለውን ቀን ለመቁረጥ አትቸኩል። መጀመሪያ ወሩ ይለቅ። ቀጥሎ ፓድ ላይ ስድስት ዙር ሥራ፤ አንድ ጓደኛህ የምትሰነዝረውን ይቁጠርልህ። ከዚያ ስፓሪንግ ላይ አራት ዙር፣ በየዙሩ ያልደከመ አዲስ ልጅ እየገባልህ። አራተኛው ዙር ላይ እጅህ አገጭህ ጋ ካለ፣ የሰነዘርከውም ከመጀመሪያው ዙር ብዙ ካልቀነሰ፣ ቁጥሮቹን የጻፍክበትን ወረቀት ለአሰልጣኝህ አሳየውና ስለ ቀኑ ያን ጊዜ ተነጋገሩ። ካልሆነ ሦስት ሳምንት ጨምሩና እንደገና ቁጠሩ። እኔ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ጂም አለሁ፤ ወረቀቱን ይዘህ ና።